የእትዬ ሩቅያ ወይባ

ከአጥራችን ወዲያ አንዲት ቀልጣፋ ልጅ የወይባ ቤት ከከፈተች ወዲህ መስኮቴን ዘግቼ ነው የምውለው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት መስኮት ዘግቶ መዋል ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። ምን ላድርግ፣ ደረቴ ነው። ልጅቱ ክፉ አይደለችም፤ ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ቤቴ ድረስ መጥታ፣ እማማ ዘሀራ፣ ጢሱ ያስቸግርዎት ይሆን ብላ ጠይቃኛለች። እንጀራዋ ነው፣ ምን እላታለሁ? ሥሪ ልጄ አልኳት። አሁን በባጃጅ እየመጡ የሚወርዱት ሴቶች ብዛታቸው! መሐሉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር አላት፤ ዚፕ ያለው ካባ እስከ አንገታቸው ታለብሳቸዋለች፤ ከሥር ወይባው ይጤሳል፣ እነሱ ከላይ ስልካቸውን ይነካካሉ። በእኛ ጊዜ ጉድጓድ ነበር እንጂ ወንበር የት አለ። መሬት ተቆፍሮ፣ ፍም ተጨምሮበት፣ የወይባ ፍልጥ ተደርቦ፣ ሴትየዋ ልብሷን አውልቃ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጥና ብርድ ልብስ ተጀቡና አንገቷን ብቻ ታወጣለች። ላቧ እየተንቆረቆረ ገላዋ ቢጫ እስኪሆን ትሞቃለች። ቁም ነገሩ ቢጫው ነበር፤ ባሏ መንገድ የሄደባት ሴት መምጫው ሲደርስ ቢጫ ሆና ካልጠበቀችው ኩርፊያ አለ ማለት ነው። ያ ሽታ ዛሬ በበሩ ስንጥቅ ሲገባ ደረቴ ያፏጫል። ፓፌን፣ ያችን በአፍ የምትሳብ የደረት መድኃኒት፣ ከጉያዬ አወጣና እስባለሁ፤ ትንፋሼ መለስ ሲል ደግሞ ቁጭ ብዬ አሸትተዋለሁ። ደረቴ አይወደውም፣ እኔ ግን እወደዋለሁ። ይሄ እንዴት ይሆናል ለሚለኝ ሰው ነገሩ ረዘም ይላል፤ ዛሬ ደግሞ ሥራ የለኝም።

ዘመኑን አትጠይቁኝ። እኛ ቆላ ላለነው መንግሥት ሲቀየር ወሬውን የሚያመጡልን የመኪና ሹፌሮች ነበሩ፤ እነሱም አንዳንዴ ረስተውት ያልፋሉ። መኪናው ሁሉ ወደ አሰብ የሚወርድበት ጊዜ ነበር ብል ይበቃል። ሮቢት ላይ አንድ ሳፋ ማንጎ በስሙኒ ትገዛላችሁ፣ ሻጯም ለልጆችሽ ብላ ትመርቅላችኋለች። ናይለን ሻሽ ግን ውድ ነበር፤ አንዱን ሻሽ እህትማማቾች በየተራ ነበር ለሠርግ የሚያስሩት። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ፤ ፀሐይ ሲበረታ ላስቲኩ ይቀልጥና ከእግራችን ጋር ይጣበቃል፣ ማታ ስናወልቀው ቆዳችን አብሮ የሚወልቅ ይመስለን ነበር። ካራቆሬ መንገድ ዳር አንድ ሻይ ቤት ነበረች፤ ባለቤቱ አንዲት ካሴት ብቻ ነበረችው፣ እሷኑ ከጠዋት እስከ ማታ ያዞራታል። ክሩ ከመላላቱ የተነሳ ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው ድምፁ ይጎተት ነበር። እኛ ሴቶች ከገበያ ስንመለስ ሸክማችንን አውርደን የደከመን መስለን እዚያ ጥግ ላይ እንቆማለን። ድካም አልነበረም፣ ዘፈን ነበር። አሁን በየባጃጁ ስንት ዓይነት ዘፈን ይጮሃል፤ አንዱንም ቆሜ የሰማሁበት ቀን የለም።

እኔ የማጀቴ ልጅ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማሽላ ሲወቃ እብቁ ደረቴ ይገባና እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያወጣ ነበር። ያን ጊዜ በአገራችን የደረት በሽታ ሁለት ስም ብቻ ነበረው፦ ብርድ እና ሳንባ። ብርድ ከሆነ ምንም የለበትም፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ይላሳል፣ ሸህ ውሃ ላይ ቁርአን ይቀሩልሃል፣ ያልፋል። ሳንባ ከተባልህ ግን ዋንጫህ ለብቻው ይቀመጣል፣ ወግ ይዞ ቤትህ የሚመጣ ሰው ከደጅ ሆኖ ሰላም ብሎህ ይመለሳል። ሴት ልጅ ደግሞ ሳንባ ካላት አትዳርም፤ ተድራም ከሆነ ትመለሳለች። ስለዚህ እኔ እስክዳር ድረስ ያለብኝ ብርድ ነበር። እናቴ ሠርጌ ሲቃረብ ከጓሮ ወስዳ መከረችኝ። ሲያፍንሽ እንስራሽን አንሺና ወንዝ ውረጂ አለችኝ፤ ወንዝ ላይ ማንም አይሰማሽም። ትንፋሽ ያጠራት ሴት እንስራ ተሸክማ ዳገት ትውጣ ማለቷ ነው እንግዲህ። እናት የምታውቀውን ነው የምትመክረው፣ ነፍሷን ይማርና። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ተረት እሷም ታውቀዋለች፤ ግን ተረቱን ያወጣው ሰው ሴት ልጅ አልዳረም።

የተዳርሁት ከካራቆሬ ከመኪናው መንገድ ወርዶ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ሰፈር ነው፤ በጋ በጋ ነፋሱ ከአፋር በኩል አቧራውን እያዘለ የሚመጣበት ቆላ። ባሌ ሰይድ ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና ረዳት ነበር፣ ኋላ ሹፌር ሆነ። ረጅም፣ ወሬ የማያበዛ፣ ሽርጡን ሲያገለድም የሚያምርበት ልጅ ነበር፤ ወድጄዋለሁ፣ ምን አሳፈረኝ አሁን። ከሱ ይልቅ የምፈራው እናቱን ነበር። አማቴ እትዬ ሩቅያ ባላቸው በወባ ከሞተባቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሰይድን ያሳደጉት ብቻቸውን ነው፤ ለጋብቻ የጠየቋቸውን ሁሉ አሳፍረው መልሰዋል። ቀጭን፣ ፊታቸው የጠቆረ፣ ሲቆጡ ዶሮዋ ሳትቀር ግቢውን ለቃ የምትወጣላቸው ሴት ነበሩ። ሲስቁ አይቻለሁ የሚል የሰፈር ሰው አልነበረም። ሙሽራ ሆኜ በገባሁ ሰሞን እሳቸው ባሉበት ማስነጠስ ሁሉ እፈራ ነበር።

የሠርጉ ግርግር አልቆ ሰይድ የመጀመሪያውን የአሰብ ጉዞ ወጣ። መምጫው ሲቃረብ እትዬ ሩቅያ ጉድጓዱን በራሳቸው እጅ ጠርገው፣ የወይባውን ፍልጥ አምጥተው፣ የጎረቤት ሴቶችን ጠርተው ሙሽራዋን ለማሞቅ ተዘጋጁ። እንግዲህ መግቢያ ቀዳዳ ጠፋኝ። ብሞቅ ትንፋሼ፣ እምቢ ብል ትዳሬ። ሙሽራ ወይባ አልሞቅም ካለች ባሏን ጠልታለች ይባላል፤ ደረቴ ነው ካለች ደግሞ ሳንባ ትባላለች፤ በሁለቱም መንገድ መድረሻዋ ማጀቴ ነው። ስለዚህ ቢስሚላሂ ብዬ ልብሴን አውልቄ ተቀመጥሁ። ሴቶቹ ከበር ውጭ ያጨበጭባሉ፣ ይዘፍናሉ፣ የኔንና የሰይድን ነገር እያነሱ የማይባል ያወራሉ። ጢሱ በብርድ ልብሱ አንገት ሾልኮ ሲወጣ ፊቴን ወዲያ ወዲህ አልሁ። መጀመሪያ ፉጨቱ መጣ። እንዳይሰሙት ከንፈሬን ገጥሜ በአፍንጫዬ ለመተንፈስ ሞከርሁ፤ እሱም ቆመ። አንድ ሰው ደረቴ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ፤ አየሩ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አይወጣም። ያ ረቢ፣ ራቁቴን ልሞት ነው ብዬ ሳስብ ትዝ ይለኛል። ከዚያ እትዬ ሩቅያ በሩን ገፍተው ገቡ። ከንፈሬን አዩት፣ የትከሻዬን መነሳት መውደቅ አዩት፤ በብርድ ልብሱ እንደ ተጠቀለልሁ አንስተው በጓሮ በር አወጡኝና ግራሩ ሥር አስቀመጡኝ።

ተመልሰው ሴቶቹን ምን እንዳሏቸው ቆይቼ ነው የሰማሁት። አፍራ ነው፣ ገና ልጅ ናት፣ ከዛሬ ወዲያ እኔ ራሴ አሞቃታለሁ፣ እናንተ ወደየቤታችሁ ብለዋቸው ኖሯል። ግራሩ ሥር ተመልሰው ሲመጡ ጉልበቴን ይዤ አጎንብሼ እየተነፈስሁ ነበር። አጠገቤ ተቀመጡ። ትንፋሼ እስኪመለስ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ከሰፈሩ ሁሉ የሚፈራ ሰው ዝም ብሎ አጠገባችሁ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚያስጨንቅ። አሁን ተነሺና ጓዝሽን ሸክፊ የሚሉኝን እጠብቃለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ከልጅነቴ። ብርድ ነው እትዬ።»

«ብርድማ በዚህ ሙቀት ከየት ይመጣል» አሉ። «እናትሽ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ሰይድስ?»

«አያውቅም። እባክዎ እትዬ፣ አይንገሩብኝ። እመልሳታለሁ ይላል።»

«ማንም አይመልስሽም» አሉ። «ጢሱን እኔ እገባበታለሁ። አንቺ አፍሽን ያዢ።»

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ሰይድ ሊመጣ ሲል ጉድጓዱ ይጤሳል፤ ቤት ዘግተው የሚገቡበት እትዬ ሩቅያ ናቸው። የኔን ቀሚስ፣ ያችን አረንጓዴ አበባ ያላትን ቴትሮን፣ ከጢሱ በላይ ያንጠለጥሏታል፤ ሲጨርሱ አጥር ላይ አስጥተው ነፋስ ያስመቷታል፤ እኔን የማያፍነኝ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ግን ሙሽራዋ ሞቀች የሚልበት ሽታ ሲቀርላት እለብሳታለሁ። እኔ ያን ሰዓት ወንዝ ወርጄ እቆያለሁ። ስመለስ እትዬ ሩቅያ ላባቸው ደርቆ፣ ፊታቸው ወዝቶ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ ደግሞ አይቆጡም፣ ያን ቀን ዶሮዋ ግቢ ውስጥ ትውላለች። ድካም ነው እል ነበር። አላህ ብድርዎን ይክፈል ስላቸው በእጃቸው ሂጂ ወዲያ ይሉኛል።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ልጆቹ ከጢስ ራቂ፣ ከአቧራ ራቂ፣ ትራስሽን ከፍ አድርጊ እያሉ ሲመክሩኝ አዎ ልጆቼ እላለሁ፤ ትምህርቱን ግን የጨረስሁት እትዬ ሩቅያ ጋ ነው። ምንም የሚያውቁት ነገር ኖሯቸው አይደለም፤ እኔን እያዩ ነው የተማሩት፣ ስንቱንም ተሳስተዋል። አንድ ሰሞን የግመል ወተት ያድናል ብለው ሌላ ሳያቀምሱኝ ከርመዋል፤ አንድ ሰሞን ደግሞ ደረቴን ቅቤ ቀብተው ፀሐይ ላይ አውለውኝ ከመታፈኔ በላይ ተቃጠልሁ። ምድጃውን ግን ከቤት አውጥተው ነፋስ በማይመልሰው በኩል ዳስ ሠሩለት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሩቅያ ምን ነካት ብሎ ሳቀ። ለወባ ትንኝ እበት ማጨስ በእኛ ቤት ቀረ፤ በትንኝ እየተበላን አደርን። ጠዋት ከቤት ሳልወጣ እሳቸው ቀድመው ደጅ ይቆሙና ነፋሱን ያያሉ። ከአፋር በኩል ከሆነ ዛሬ እህል አታበጥሪም ይሉኛል፣ ወንፊቱን ከእጄ ይነጥቁኛል። ሌሊት ተንጋልዬ መተኛት ሲያቅተኝ የማሽላ ጆንያ ከጀርባዬ ይደረድራሉ። እኔ ደግሞ ቀስ በቀስ የራሴን ደረት አመል ለመድሁት፤ ሊመጣ ሲል አገጬ ሥር ያሳክከኛል፣ ያን ጊዜ ሥራዬን አስቀምጬ ቁጭ እላለሁ። መሮጥ ድሮ ቀረ። ሰፈሩ ሩቅያ ሰነፍ ምራት አመጣች ብሎ አማኝ፤ ይማኝ፣ ሰነፍ ብሎ የመለሰ ባል የለም።

የቀረን መድኃኒት ነበር። መድኃኒት ያለው ደሴ ወይም አዲስ አበባ ነው፣ ወደዚያ የሚሄደው ሰይድ ነው፣ ሰይድ ደግሞ እንዳያውቅ ነው የምንለፋው። እትዬ ሩቅያ መላ አመጡ፦ ታማሚዋ እኔ ነኝ አሉ። ልጃቸው ሲመጣ ደረቴን ያፍነኛል፣ እንዲህ እንዲህ ያደርገኛል ብለው የኔን በሽታ አንድ ሳያጎድሉ ነገሩት። እሱም ከአዲስ አበባ መጀመሪያ ነጭ ክኒን፣ ኋላ ደግሞ ያችን ሰማያዊ ፓፍ ይዞ መጣ። በሕይወቴ እንደሷ ያለ ነገር አላየሁም፤ ሁለቴ ሳብ አድርጌ ደረቴ እንደ በር ሲከፈት አለቀስሁ። ማለቋን የምናውቀው ውሃ ውስጥ ጥለን ነው፤ ከሰጠመች አለች፣ ከተንሳፈፈች አለቀች። እትዬ ሩቅያ በሣጥናቸው ቆልፈው ያስቀምጧትና ሰይድ ባለበት በሐሰት እየሳሉ አውጥተው አፋቸው ላይ ያስጠጓታል፣ ሳይነኩ ይመልሷታል። ሳላቸውን ብትሰሙት! ኡሁ ኡሁ፣ ልክ ልጅ ድመት ሲያባርር እንደሚያሰማው። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጉፍታዬን ነክሼ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ታዲያ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ምን እንደሚል እኛ አልሰማንም። ወንዝ ላይ ልብስ ሲያጥቡ ሴቶቹ አይተዋል፤ ሙሽራዋ ዐመድ የመሰለች፣ አማትየዋ ቢጫ! ፊታቸው ጠርቷል፣ ክንዳቸው ያበራል፣ በአጠገብ ሲያልፉ ወይባ ወይባ ይሸታሉ። ባል የሌላት ሴት ወይባ ከሞቀች ልቧ ከጅሏል ማለት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰይድም ከመንገድ ተመልሶ ቤት ባለበት፣ ሸህ እንድሪስ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። የመጡት አማቴን ለአባ ይመር ሊጠይቁ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨው በግመል የሚነግድ የተከበረ ሰው። ጫት ቀረበላቸው፣ ዱዓ አደረጉ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ። ከዚያ ሸህ እንድሪስ ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። እስከ ዛሬ አላገባም ብለው ነበር፣ አከበርንልዎት አሉ። አሁን ግን ገላዎን ሲያሳምሩ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል፤ ስለዚህ አባ ይመር ጠይቁልኝ ብሎናል አሉ። ሰይድን ምን ትላለህ ሲሉት አንገቱን ደፍቶ እናቴን ጠይቁ ብቻ አለ።

እትዬ ሩቅያ ጢሱ ለምራቴ ነው አሉ። ሸህ እንድሪስ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ነገር ግን ጥያቄ አይስቱም። ለምራትዎ ከሆነ ታዲያ እሷ ለምን አልበራችም አሉ። እርስዎ ካልከጀሉ እሷ ትሞቃለች፤ እሷ የማትሞቅ ከሆነ ምን አለባት? ልጅቱ ምን ሆናለች? እያሉ ወደኔ ዞሩ። ጓዳው መግቢያ ላይ ቆሜ ነበር። በዚያው ቅጽበት ደረቴ ማፏጨት ጀመረ፤ ከፍርሃቴም ይሁን ከጫታቸው ጋር ከሚያጨሱት ትምባሆ እንጃ። ሁሉም ሊሰማው ነው። ማጀቴ የአባቴ ቤት ደጃፍ ታየኝ። እትዬ ሩቅያ ፉጨቱን ቀድመው ሰሙት፤ አውቄባቸዋለሁ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«የምሞቀው እኔ ነኝ» አሉ። «ለአባ ይመር አይደለም፣ ለማንም አይደለም። ለሟቹ ነው። ናፍቆኝ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ሴት ከአፏ አውጥታ፣ ያውም በሽማግሌ ፊት፣ በገዛ ልጇ ፊት ስትናገር ማንም ሰምቶ አያውቅም። አንዱ ሽማግሌ አላህ ይርሐመው ብለው ተነሱ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው፤ ጫማቸውን ሲያደርጉ አንዱ የሌላውን ሊያደርግ ነበር። ሰይድ ከኋላቸው ወጣ። እሳቸው የተበተነውን የጫት ገረባ እየለቀሙ፣ ግቢና ፓፏን ሳቢ አሉኝ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ለኔ ሲሉ ስማቸውን በአንድ ቃል ጣሉት፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ይመልሰዋል? በሳምንቱ ሴቶች ወንዝ ላይ ዘፈን አወጡባቸው፦

እትዬ ሩቅያ ወይባ ሞቀች አሉ፣
መቃብር ነው እንጂ የት አለና ባሉ።

ሲያልፉ ይዘፍኑባቸዋል፣ እሳቸው ቀጥ ብለው ያልፋሉ። እኔ ነበርሁ የምቃጠል። አንድ ሁለቴ ሄጄ እውነቱን ልናገር ብዬ ተነስቼ ነበር፤ ያዙኝ። ያበደች አማት ያላትን ሴት ማንም አይመልሳትም፣ አርፈሽ ተቀመጪ አሉኝ።

ሰይድ ጋ ያለው ነገር የተፈታው የበኩር ልጃችንን ከወለድሁ በኋላ ነው። እትዬ ሩቅያ አጣዬ ገበያ ሄደው ነበር፤ እሱ መኪናው ተበላሽቶበት ባልታሰበ ሰዓት መጣ። ደጃፉ ላይ ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሳጣጥር አገኘኝ። ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቀም። ቀጥ ብሎ ገባ፣ የእናቱን ሣጥን ቁልፍ ከተሸጎጠበት አወጣ፣ ፓፏን ይዞ መጣና ነቅንቆ አፌ ላይ አስጠጋልኝ። ሳቢ አለኝ። ሳብሁ። ትንፋሼ ሲመለስ አፍሬ ምድሩን አያለሁ። የኔ መሆኗን በምን አወቅህ አልሁት። መድኃኒት ቤቱ ገና የመጀመሪያውን ቀን ለማን ነው፣ ስንት ዓመቷ ነው ብሎ ጠይቆኝ ለሚስቴ ነው ብዬ ያንቺን ዕድሜ ነገርሁት አለኝ። እናቴ ማሳል አትችልም፣ ያንን ሳል ብሎ የሚያምን ሰው ካለ እሱ ነው መታከም ያለበት አለ። ሳቅሁ፤ አለቀስሁም። ለምን አልነገርኸኝም ስለው እንዲህ አለ፦ «አባቴ ከሞተ ወዲህ የእናቴን ፊት እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። እኔ ማን ነኝ የማጠፋው?» ያን ጊዜ ንግግሩ አልገባኝም። የገባኝ የማልመለስ መሆኔ ብቻ ነበር፤ ያ ደግሞ ለኔ ዓለም ነበር።

አሁን ዘመኑ ተለውጧል፤ አስም የሚለውን ስም ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፣ የሚመለስም የለም። ሰይድ ከሞተ በኋላ ልጆቼ ሐኪም ጋ ቅረቢ ብለው ሮቢት አመጡኝ። እዚህም ቢሆን መድኃኒት አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ ነገ ይመጣል ነው። ያ መንገዱ ሁሉ የተዘጋ ጊዜ፣ አጣዬ ላይ ያ ሁሉ መከራ በወረደበት ሰሞን፣ በሰፈሩ አንዲት ፓፍ ነበረችን፤ እኔና አንድ ጡረተኛ ሹፌር ጋሼ ተስፋዬ የሚባል በአጥር ላይ እየተቀባበልን ነው የከረምነው። እኔ ቢስሚላህ ብዬ፣ እሱ አማትቦ ይስባል። አፏን በጨርቅ እንጠርግና እንለዋወጣለን። ሲያገኘኝ ዛሬም በአንድ ሳንባ የኖርን ሰዎች ነን ይለኛል። አልሐምዱሊላህ፣ አለን።

እትዬ ሩቅያ ግን ከሰይድ ጋር ነገሩ ከተገለጠም በኋላ ወይባቸውን አልተዉም። ይኸው እሱም አውቋል፣ ከእንግዲህ ለምን ይለፋሉ ስላቸው፣ የሰው አፍ እንዳይነቃ ነው ይሉኛል። ልጆቼ አድገው ሲያልቁ፣ ዘፈን ያወጡባቸው ሴቶች ራሳቸው አርጅተው ዘፈኑን ሲረሱት፣ እሳቸው በወር አንዴ ሁለቴ ቤት ዘግተው ይገባሉ። የአንድ ሰው ደግነት እንዴት ልክ ያጣል እያልሁ እኔ በየጊዜው ባለዕዳነቴ ይከብደኝ ነበር። በመጨረሻ እግራቸው አልሸከም ብሎ አልጋ ያዙ። ምንም አላመማቸውም፣ እርጅና ብቻ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ስዳብስ ልቤ ሞላብኝና፣ ከመለያየታችን በፊት ልናገረው አልሁ።

«አውፍ ይበሉኝ እትዬ» አልኳቸው። «ስለኔ ብለው በሽማግሌ ፊት ዋሽተዋል። ስምዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። «ምን ብዬ ዋሸሁ?»

«ለሟቹ ነው፣ ናፍቆኝ ነው ብለው።»

ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አመማቸው ብዬ ስደነግጥ፣ ለካ እየሳቁ ነው። ጥርስ በሌለው አፋቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ላንቺ ብዬ የሞቅሁ መስሎሽ ኖሯል? የመጀመሪያውን ቀን፣ እሺ፣ ላንቺ ብዬ ገባሁ። ጢሱ ገላዬን ሲነካኝ የሰይድ አባት ከመንገድ የሚመጣበት ቀን ሆነብኝ። እዚያች ጉድጓድ ላይ ስቀመጥ እንደገና የሚጠበቅ ሰው ነበረኝ። ሽማግሌዎቹን እውነቱን ነው የነገርኳቸው። ባል የሞተባት ሴት በባዶ ሜዳ ልሙቅ ብትል ማን ይፈቅድላታል? ያ ደረትሽ ባይኖር በምን አሳብቤ እሞቅ ነበር? አላህ ይስጥልኝ።»

ይህን ብለው እጃቸውን ደረቴ ላይ አሳረፉ። ስለዚህ ደረት ብዙ ሰው አዝኖልኛል፣ ብዙ ሰው መክሮኛል፤ ያመሰገነኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።